ጋሼ ካርታን የሚቆልፈው ማን ነው?

የውሃ ድርጅቱ ሠራተኞች ሥራ ላይ ቀርፋፋ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቅጽል ስም በማውጣት ግን የሚቀድማቸው የለም። አዲሱን የይለፍ ቃል ደንብ ያመጣችው የኮምፒውተር ክፍሏ ባለሙያ መሆኗን በሰሙ በማግስቱ «ወይዘሮ ቁልፍ» አሏት፤ ስሙም ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተዳረሰ። እሷ አልተቀየመችም። እንዲያውም በልቧ ኮራ ብላ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ዓመት በሩ ተበርግዶ የኖረን ቤት መቆለፍ ቀላል ነገር አይደለማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ በሚያጉረመርምበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የሠራተኛውን ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል የሚይዝ ሰርቨር አለ። ማንም ሰው ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቶ የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ «ይግባ» ወይም «አይግባ» የሚለው እሱ ነው። ይህ ሰርቨር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የዋህ ነበር። ሦስት ፊደል ቢሰጡት ይበቃዋል፣ ቀይሩ ብሎ አያውቅም፣ መቶ ጊዜ ቢሳሳቱበትም ቅር አይለውም። የግዢ ክፍሉ ሰውዬ የይለፍ ቃል የመጀመሪያ ልጁ ስም መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ እንኳን ደስ ያለህ ከማለት ይልቅ «አሁን ትቀይረዋለህ?» ያሉት ይበዙ ነበር። ወይዘሮ ቁልፍ በአንድ ዓርብ ከሰዓት ይህን ሁሉ ገለበጠችው። ከእንግዲህ የይለፍ ቃል ከዐሥራ አራት ፊደል አያንስም፣ በየሦስት ወሩ ይቀየራል፣ በላይ በላዩ አምስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ይቆለፍበታል።

ሁሉን ነገር ያሰበች መስሏት ነበር። ለማሽን ብቻ ተብለው የተከፈቱትን አካውንቶች እንኳ አንድ በአንድ ነጥላ ከደንቡ አውጥታቸዋለች። የመጀመሪያው ሳምንት እንደፈራችው ሆነ፤ በሯ ላይ ሰልፍ አልጠፋም። በሁለተኛው ሳምንት ሰልፉ ሳሳ። በሦስተኛው ሳምንት የሚቆለፍባቸው አንድ ሰው ብቻ ቀሩ፤ እሳቸውም በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ።

እኚህ ሰው የካርታ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ከአንድ ወንበር ያልተነሡት፣ ሠራተኛው «ጋሼ ካርታ» የሚላቸው። ደግሞም የባሏ አባት።

ካርታ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳውን ሙሉ የያዙ ሰፋፊና ጠፍጣፋ የብረት መሳቢያዎች አሉት፤ መሃሉ ላይ አልጋ የሚያህል ጠረጴዛ፣ ጥጉ ላይ መሰላል፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ቦቴዎቹ የሚቆሙበት ግቢ ይታያል። ከመሬት በታች የተቀበረ ቧንቧ ሁሉ እዚህ ተስሎ ተቀምጧል፤ ኋላም ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። የሆነ ቦታ ቧንቧ ሲፈነዳ ፎርማኑ ይደውላል፣ ጋሼ ካርታ ካርታውን ከፍተው «ከአስፋልቱ ጠርዝ ሁለት ሜትር ገባ ብለህ ቆፍር» ይሉታል፣ ቧንቧውም ካሉት ቦታ ይገኛል።

በዚያ በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት አንድ ትልቅ መስመር ፈነዳ። ፎርማኑ ደወለ። ጋሼ ካርታ ተቆልፎባቸዋል። ወይዘሮ ቁልፍ ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ስልኳን ዘግታለች። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው፣ ጎዳናው ወንዝ ሆኖ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ጋሼ ካርታ በቃላቸው መናገር ይችሉ ነበር፤ ያንን መስመር ሲቀበር ቆመው አይተውታል። ግን አንዲት የይለፍ ቃል መያዝ ያቃተውን ጭንቅላት ማመን ፈሩ።

ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ብቻ ነው እንደ ቦት ጫማው ጭቃ የማይለየው። «ጋሼማ መርሳት ጀመሩ» አለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። ከሰዓት ላይ ወሬው ፎቅ ወጥቶ ፎቅ ወርዶ ወይዘሮ ቁልፍ ጋ ደረሰ። አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ «አማትሽ አሁን ቢያርፉ አይሻልም?» አላት፤ ለማዘን የሞከረ ሰው ፊት ነበረው።

ቤትም ወሬው ያው ነበር። ባሏ ራት ላይ ዳቦውን ቆርሶ ሳይጎርሰው «አባዬ እንደ አጎቴ ሊሆን ነው» አለ። አጎቱ፣ የጋሼ ካርታ ታላቅ ወንድም፣ መጀመሪያ ቁልፍ ይጠፋቸው ነበር፤ ቀጥሎ የቤታቸው መንገድ ጠፋቸው፤ በመጨረሻ የገዛ ልጃቸውን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁት። ባሏ ከእህቱ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። እህቱ የኋላውን ክፍል ትለቅላቸዋለች፣ የራሳቸው ቤት ይዘጋል። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ከልጆቻቸው ቀድማ ያመነችው ወይዘሮ ቁልፍ ነበረች። ከሃያ ጊዜ በላይ ከፍታላቸዋለች፤ ሁልጊዜም «አይዞዎት አባባ፣ ሁሉም ሰው ይረሳል» ከማለት በቀር አንድ ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ጋሼ ካርታ ራሳቸው ምድር ቤት ድረስ ወረዱ። ሻይ ቀዳችላቸው፤ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቀፉ።

«ደብዳቤ ጽፌያለሁ» አሉ። «ዓርብ ለሥራ አስኪያጁ እሰጠዋለሁ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

«የምን ደብዳቤ፣ አባባ?»

«የስንብት። የሚረሳ ሰው ካርታ ቤት አይቀመጥም። ዛሬ የይለፍ ቃል ነው፤ ነገ ቧንቧ ነው ብዬ ልጆቹን የመብራት መስመር ላይ አስቆፍራለሁ። ሰው ይሞትብኛል።»

«አንድ የይለፍ ቃል ቢረሱ እኮ…»

«የረሳሁት ቢመስለኝ ጥሩ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ያስታወስኩት የሚመስለኝ ነገር ነው። ስጽፈው ልክ ነው፤ ማሽኑ ግን አይደለም ይለኛል። ወንድሜም ልክ ነኝ እያለ ነው የጠፋው።»

ከኮታቸው ኪስ አንዲት ወረቀት አወጡ። የቤታቸው ቁጥር፣ የልጃቸው ስልክ፣ የእሷ ስልክ፣ በዚያ ካርታ በሚሠሩበት ቀጥ ያለ እጅ ጽሕፈት ሰፍሮባታል። «መንገድ ላይ ብጠፋ ብዬ ነው» አሉ። ወይዘሮ ቁልፍ እንባዋን እንዳያዩባት ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዞረች።

ስክሪኑ ላይ የእሳቸው ስም ቀይ ሆኗል። ጠዋት በእጇ የከፈተችው ስም አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ተቆለፈ። ዞር ብላ እጃቸውን አየች። ሁለቱም እጆች ሻዩ ላይ ናቸው።

«አባባ፣ ቢሮዎ ውስጥ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል? ዘግቼው ነው የወረድኩት።»

ወደ ኋላ ሄዳ የተቆለፉባቸውን ሰዓቶች ማየት ጀመረች። ዛሬ አምስት ተኩል። ትናንት አምስት ተኩል። ከትናንት ወዲያም አምስት ተኩል፤ ጠዋት ሁሌ ሁለት ተኩል፣ ከሰዓት ሁሌ ስምንት ተኩል። ሰው እንዲህ ሰዓት ጠብቆ አይሳሳትም። ከዚያ እሑድን አየች። እሑድ አምስት ተኩል ላይ ጋሼ ካርታ እሷ ቤት ነበሩ፤ እጃቸው በግራሶ ተለውሶ የልጅ ልጃቸውን የብስክሌት ሰንሰለት ይጠግኑ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህ ነገር እዚሁ ተጽፎ ተቀምጧል። ያላየችው ስላልፈለገች ነው። አፈረች፤ ደስታዋ ግን ከሐፍረቷ በለጠ።

«እርስዎ አይደሉም» አለች። «በስምዎ የሚያንኳኳ ሌላ ነገር አለ።»

«አታባብዪኝ፣ ልጄ» አሉና ብርጭቆውን አስቀምጠው ተነሡ። «እስከ ዓርብ አለሁ።»

ዓርብ ማለት ከነገ ወዲያ ነው። ወይዘሮ ቁልፍ ምሳዋን ረስታ ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ ማን መቼ እንደገባና ማን እንደተሳሳተ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ታገላብጥ ጀመር። የተሳሳቱት ሙከራዎች በቀጥታ ወደ እሷ ሰርቨር አልመጡም፤ ከከተማው ዳር ትልቁ ፓምፕ ጣቢያ ውስጥ ባለው ሁለተኛ ሰርቨር በኩል ነው ያለፉት። እሱን ደንቡን ከለወጠች ጀምሮ ከፍታው አታውቅም። የመሥሪያ ቤቱን መኪና አስጠራች።

«ወይዘሮ ቁልፍ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቆልፊ ነው?» አላት ሾፌሩ።

«ልፈታ ነው የምሄደው» አለችው።

ጣቢያው ውስጥ ፓምፖቹ ወለሉን ያንቀጠቅጡታል፤ ወንበሩ ከእሷ ጋር ወደ ጎን ይሄዳል። ሎጉን ስትከፍት ያገኘችው ስምንት የማሽን መለያ ቁጥሮችን ነው። ስምንት ማሽኖች፣ ሁሉም በጋሼ ካርታ ስም፣ በየሦስት ሰዓቱ እየመጡ የካርታ ቤቱን በር ያንኳኳሉ፤ ይሳሳታሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይመጣሉ። የንብረት መዝገቡን አገላበጠች፤ ከስምንቱ አንዱም የለበትም። የት እንዳሉ የሚነግራት ነገር ከቁጥሩ በቀር አልነበራትም። እስኪመሽ ፈልጋ አንዱን ብቻ አገኘች፤ እዚያው ጣቢያው ውስጥ፣ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር።

«ይሄ በማን ስም ነው የሚገባው?» ብላ የፓምፑን ኦፕሬተር ጠየቀችው።

«በጋሼ ነዋ» አላት፣ በጥያቄው ተገርሞ። «ጣቢያዎቹ ሁሉ በጋሼ ነው የሚገቡት።»

ሐሙስ ጠዋት ገና ቢሮው ሲከፈት ባዶ ወረቀት ይዛ ካርታ ቤት ወጣች።

«አባባ፣ ትናንት ትልቁ ጣቢያ ያለውን አይቻለሁ፤ በእርስዎ ስም የሚገቡ ሌሎች ኮምፒውተሮች አሉ?»

«አሉ እንጂ» አሉ፤ ልጆች አሉዎት ወይ የተባሉ ነበር የሚመስሉት።

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«ማን ጠየቀኝ? ያኔ ኮምፒውተር ሲገባ ለአንድ ማሽን ፈቃድ ማውጣት አራት ወር ይፈጅ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ካርታ የሚፈልጉት ያን ዕለት ነው። በእኔ ስም ግቡ አልኳቸው። እየዞርኩ በእጄ ጻፍኩላቸው፤ አዲስ ካርታ ስሠራ በራሱ ይደርሳቸዋል።»

«የት የት እንዳሉ ያስታውሳሉ?» ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄው ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች።

ጋሼ ካርታ ግን ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው ጀመሩ። «ትልቁ ጣቢያ ያለውን አይተሽዋል። የምሥራቁ ጣቢያ፣ እንደገባሽ በስተቀኝ፤ ያኔ ኦፕሬተሯ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ መንታ ነው የወለደችው። ዕቃ ግምጃ ቤት ትልቁ ስካነር ላይ የተሰካው፤ የስካነሩ ክዳን በግራ በኩል አይገጥምም። ቆጣሪ ጥገና ሁለት አሉ፤ አንዱን ፀሐይ እያረፈበት ቢያስቸግራቸው ወደ ግድግዳው አዞርኩላቸው። ላቦራቶሪው። ክሎሪን ክፍሉ፤ እዚያ ኮምፒውተር ቶሎ ይዝጋል፣ ሁለቴ ተቀይሯል። አንዱ ደግሞ ኮረብታው ላይ፣ ከማጠራቀሚያው ጀርባ፣ ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ነው።»

«እዚያ ኮምፒውተር የለም፣ አባባ። መብራት እንኳ መኖሩን እንጃ።»

«አለ። ጠረጴዛ ስላልነበረ የቀለም በርሜል ላይ ነው ያስቀመጥኩት።»

ወይዘሮ ቁልፍ ወረቀቷን ቆጠረች። ስምንት። እሷ ግማሽ ቀን ለፍታ አንድ ያገኘችበትን ነገር እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ጨረሱት። ያን ጊዜ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። ደንቡ ሲመጣ እሳቸው ዐሥራ አንድ ዓመት የኖሩበትን የይለፍ ቃል እንደታዘዙት ቀይረዋል። ስምንቱ ማሽኖች ግን አልሰሙም፤ ያንኑ አሮጌውን ይዘው ይመጣሉ። ከመካከላቸው አምስቱ እንደተሳሳቱ በሩ በጋሼ ካርታ ላይ ይዘጋል። ጣቢያዎቹ የቀድሞው ቅጂ ስላላቸው አዲስ ካርታ መቅረቱን ማንም ልብ አላለም።

«የረሱት እርስዎ አይደሉም» አለች። «መርሳት ያቃታቸው እነሱ ናቸው።»

ጋሼ ካርታ ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱና «እንሂድ፣ መንገዱን አሳይሻለሁ» አሉ።

ያ ሐሙስ ጥሩ ቀን ነበር። ሾፌሩ ከጋሼ ካርታ አፍ እየተቀበለ አቋራጭ በአቋራጭ ነዳ። በየደረሱበት ሰው ከወንበሩ እየተነሣ ይቀበላቸዋል፤ እሳቸው ጤናቸውን ይጠይቃሉ፣ እሷ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ለማሽኑ የራሱን ስም ትሰጠዋለች። የምሥራቁ ጣቢያ ኦፕሬተር መንቶቿ አምስተኛ ክፍል መድረሳቸውን ነገረቻቸው። የስካነሩ ክዳን ዛሬም አይገጥምም። ከሰዓት በኋላ ኮረብታውን ወጡ፤ ዘበኛው የጎጆውን በር ሲከፍትላቸው ኮምፒውተሩ በርሜሉ ላይ ነበር። በርሜሉ ሰማያዊ ነው። ወይዘሮ ቁልፍ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ከት ብላ ሳቀች፤ ዘበኛው ምን እንዳሳቃት አልገባውም። ስምንት ተኩል ሆነ፣ አለፈ፤ ስልኳ ላይ የጋሼ ካርታ ስም አልቀላም።

ቢሮ ስትመለስ አለቃዋ ጋ ገብታ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው። «ማሽኖች በሰው ስም ይገቡ እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው ደንቡን የለወጥኩት።» አለቃዋ ቆጣ ሊል አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ደንቡን የፈረመው እሱ መሆኑ ትዝ ሲለው ተወው።

ዓርብ ጠዋት የሦስት ሳምንቱን ሎግ አትማ ካርታ ቤት ወጣች። ጋሼ ካርታ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አልሰጡትም፣ አልቀደዱትምም። ትናንት ሁሉን በዐይናቸው አይተው እንኳ ልባቸው ገና ወደ ቦታው አልተመለሰም።

«ማሽኖቹስ እሺ» አሉ። «እኔስ? በመሃል እኔም ስሳሳት ኖሬ ቢሆንስ? በምን ይታወቃል?»

«በዚህ» አለችና ወረቀቶቹን ፊታቸው ዘረጋች። «ስድስት መቶ አርባ ስህተት። ሁሉም ከስምንቱ ማሽኖች የመጡ ናቸው። ከዚህ ጠረጴዛ አንድም የለም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

መነጽራቸውን አውልቀው በመስኮቱ ወደ ቦቴዎቹ ተመለከቱ።

«እንግዲያው ልክ አይደለም» አሉ። «አንድ አለ። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከምሳ ስመለስ፣ ስምንት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ከፎርማኑ ጋር እያወራሁ በአንድ እጄ ጻፍኩና የመጨረሻዋን ቁጥር ዘለልኳት። ወዲያው ደግሜ ጻፍኩ፤ ገባልኝ።»

ወይዘሮ ቁልፍ ሎጉን ትናንት ሁለቴ አይታዋለች። ይኸው መጣ አለች በልቧ፤ ያልነበረ ነገር ማየት ጀመሩ። ወረቀቱን ታገላብጥ ጀመር፤ ለማስተባበል ሳይሆን፣ የምትለው ነገር እስክታገኝ ጊዜ ለመግዛት ነበር። ያኔ ነው ትዝ ያላት። ስትቆጥር ኮምፒውተሩን ያዘዘችው መቆለፍ ያስከተሉትን ስህተቶች ብቻ እንዲደምር ነው። አንድ ጊዜ ተሳስቶ ወዲያው የገባ ሰው ድምሩ ውስጥ አይገባም።

ማክሰኞን አገኘች። በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። ስምንት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ፤ ካርታ ቤት፤ ስህተት፣ አንድ። ከሥሩ፣ በዚያው ደቂቃ ውስጥ፤ ካርታ ቤት፤ ገባ።

ጣቷን እዚያው እንዳደረገች ቀና ብላ አየቻቸው። ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ አሁን ልትደብቀው አልሞከረችም።

«አየሽ» አሉ ጋሼ ካርታ፣ በጣም ረክተው። «ሥራሽን አጣሪ እንጂ፣ ልጄ።»

ካርታ የሚያርሙበትን ቀይ እርሳስ አንሥተው ያችን መስመር ከዳር እስከ ዳር አሰመሩባት። «ስድስት መቶ አርባው ለማሽኖቹ ይሁን» አሉ። «ይቺ የኔ ናት።» ቀጥለው ደብዳቤውን ለሁለት አጥፈው ከጠረጴዛው ሥር ያለው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ወይዘሮ ቁልፍ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ያችን መስመር ሲያዩ ቆዩ።